ሳሩ ከደረቀ በኋላ

የዶክተር ዘለቀን ማረፍ የነገረችኝ እህቴ አስቴር ናት። ከከተማችን ታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ወደ ላይኛው ወደ ሴቻ በምትወጣ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ፌስታል ሙዝ ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጬ ነበር። ስልኩን ሳነሳ አስቴር ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም፤ «ማርታ፣ ዶክተር አረፉ» አለች። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግሁ ሚኒባሷ ዳገቱን ጨረሰች።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ፊቴን አይታ «ማን ነው?» አለችኝ። «ዶክተር ዘለቀ» አልኳት። «የውኃው ዶክተር? ወንድሜን አስተምረውታል» አለችና ደረቷን ደቃች። ከኋላ የተቀመጠ ጎልማሳ «የለም፣ የለም፣ እኒያ እርሻ በር ላይ ሳር ይዘው የሚቆሙት ናቸው» አለ። ረዳቱ ደግሞ በሩን እንደያዘ ወደ እኛ ዞሮ «እኔ የማውቃቸው በሬዲዮ ነው። አንድ ቀን ስለ ዓባያ ሐይቅ ውኃ ሲያወሩ እየሰማሁ ተሳፋሪ ሳላወርድ አልፌ ተሰድቤያለሁ» አለ። ለአፍታ ያህል ሦስት ሰው የሞተ መሰለ። ሦስቱም አንድ ሰው መሆናቸው ሲገባቸው ሁሉም የየራሱን ማውራት ጀመረ፤ እኔም ሳዳምጥ መውረጃዬን አለፍኩ።

እኔ ብዙ ዓመት ጸሐፊያቸው ነበርኩ። በከተማችን ኮሌጅ የአካባቢ ሳይንስ ትምህርት ክፍል ስቀጠር እሳቸው ኃላፊ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጫማቸው ሁልጊዜ ጭቃ የነካው ሰው። ኦቾሎ በምትባል የተራራ መንደር ተወልደው፣ ከሸማኔ አባታቸው ጋር ድር ሲያደሩ አድገው፣ ባሕር ማዶ ስለ ውኃ ተምረው የተመለሱ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ኦቾሎ እየወጡ አባታቸው ትተውላቸው በሄዱት የሽመና ዕቃ ላይ ይቀመጣሉ። አንድ ጋቢ ጨርሰው ሲያወጡ ግን ያየ ሰው የለም። «የምቀመጠው ለመሸመን ሳይሆን ለማሰብ ነው» ይላሉ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጽጌ ደግሞ «እንዲያ ከሆነ ሶፋው ለምን ተገዛ?» ይሏቸዋል። ስብሰባ ላይ አንድ ሰው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ ንግግሩን ሲያሳምር ከሰሙ እጃቸውን አውጥተው «አንበሳው ግን ምን አጠፋ?» ብለው ይጠይቃሉ። ከልባቸው ነው የሚጠይቁት።

ጠረጴዛቸው ላይ ከየምንጩና ከየጉድጓዱ የተቀዳ ውኃ በጠርሙስ በጠርሙስ ተደርድሮ ይኖራል። አንድ ቀን አዲስ የጽዳት ሠራተኛ ጠርሙሶቹን ሁሉ አጥባ፣ አንጸባርቃ፣ ባዶአቸውን ደርድራ ጠበቀቻቸው። ውኃውን መስኮቱ ሥር ላሉት አበቦች አጠጥታዋለች። የብዙ ወራት ልፋት ነበር፤ እኔ አሁን ጣራው ይነሳል ብዬ ጆሮዬን ያዝኩ። እሳቸው ግን ወጥተው አበቦቹ ሥር ቁጢጥ አሉ። ሲመለሱ «ገና አልጠወለጉም። እስቲ ነገም እንያቸው» አሉኝ። ያን ሰሞን በየጠዋቱ ከእኔ በፊት ሰላም የሚሉት አበቦቹን ነበር። ሴትየዋም እስክትለቅ ድረስ የአበቦቹን ጤና ሪፖርት የምታደርግላቸው እሷ ሆነች።

አዲስ ተማሪዎች ሲገቡ ስም አይጠይቁም። «አንተ፣ የማን ውኃ ጠጥተህ አደግህ?» ነው የሚሉት። ልጆቹ ከአራቱም ማዕዘን ነው የሚመጡት። አንዱ የወንዙን ስም ይጠራል፣ አንዷ የጉድጓድ ትላለች፣ ሌላው ደረቱን ነፍቶ «የቧንቧ» ይላል። «ቧንቧው ከየት ይቀዳል?» ሲሉት ግን አያውቅም። «እንግዲያው የመጀመሪያ የቤት ሥራህ እሱ ነው። እናትህ ጋ ደውል።» ልጁ እናቱ ጋ ይደውላል፣ እናት ጎረቤት ትጠይቃለች፣ ጎረቤት ቀበሌ ይጠይቃል። በዚህ ዓይነት ሰውዬው ረግጠውት የማያውቁትን ሰፈር ሁሉ ስለ ቧንቧው ያስወሩት ነበር። የተማሪዎቻቸውን ስም ግን ፈጽሞ አይዙም። ሲቀላ መናኸሪያ አንድ ከረባት ያሰረ ጎልማሳ ሲያቅፋቸው ጥቂት አሰቡና «አንተ የገናሌ ወንዙ ልጅ» ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ሰውየው ዕንባው መጣ።

መጻፍ ይወዱ ነበር፤ እጅ ጽሑፋቸው ግን የዶሮ ጭረት ነው። ለጋዜጣ የሚልኩትን፣ በሬዲዮ የሚያነቡትን ሁሉ የምተይበው እኔ ነበርኩ። ተይቤ ስጨርስ ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው ያደርጉኛል። አንድ ቃል ላይ ከተንተባተብኩ ይሠርዙታል። «ምላስሽ ከተደናቀፈ የአንባቢው እግር ይሰበራል» ይሉኛል። አንድ ጊዜ እኔው ጽሑፉ ሞገስ እንዲያገኝ ብዬ «የተፈጥሮ ሀብት ዘላቂነት» የሚል ሐረግ ጣል አደረግሁበት።

«ይኼ የእኔ ነው?» አሉ።

«የእርስዎን ሐሳብ ነው ያሳጠርኩት።»

«እናቴ ኦቾሎ ደጇ ላይ ቁጭ ብላ 'ዘላቂነት' ብላት ምን ትለኛለች?»

«እኔ እንጃ።»

«'ለልጅ ልጅ ይተርፋል ወይ በል' ትለኛለች። እንደሷ ጻፊው።»

እንዲህ ሳወራላቸው ጻድቅ እንዳይመስሏችሁ። ስለ ውኃ ከተነሳ ሰዓት የላቸውም፤ ምሳ ያስረሳሉ። እስክሪብቶ ወስደው የመለሱበትን ቀን አላስታውስም። መዝሙር ሲዘምሩ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ወዴት እንደሚሸሹ ይጨንቃቸዋል። ግን እወዳቸው ነበር፤ ይህን በሕይወት ሳሉም ነግሬያቸዋለሁ፣ እሳቸውም «ይሁን፣ ገጹን ቶሎ ጨርሺ» ብለውኛል።

ሕይወታቸውን የለወጠው ነገር የመጣው ከሐይቁ ዳር፣ ከምዕራብ ዓባያ ወረዳ ነው። እዚያ አንድ የጥጥ እርሻ አለ፤ አስቴር የምትሠራው እሱ ውስጥ ነው። ወንዶቹ በጀርባቸው ተሸክመው የሚረጩትን የትል መድኃኒት የሚበጠብጡት ሴቶቹ ናቸው። ዱቄቱን በባዶ እጃቸው ይዘግናሉ፣ በርሜል ውስጥ በእንጨት ያማስላሉ፣ ምሳቸውን በዚያው እጅ ይበላሉ። ሥራ ነው፣ እንጀራ ነው፣ ተብሎ ይኖራል። አስቴር ከዚያ ቀደም አንድ ጽንስ ወርዶባት ነበር። በመድኃኒቱ ይሁን በሌላ ማንም አላወቀም። ኋላ ዶክተርን ስጠይቃቸውም «ያላወቅሁትን አልናገርም» ብለውኛል፤ ያላወቁትን ተናግረውም አያውቁም።

ዶክተር ወደ እርሻው የሄዱት ለሰው ሳይሆን ለውኃ ነበር። ከእርሻው በታች ያሉትን ጉድጓዶች ሊመረምሩ ጠርሙስ ተሸክመው ሄዱ። እዚያ ላገኟት አንዲት ሠራተኛ «እስቲ ይህን ያዢልኝ» ብለው ጠርሙስ ቢሰጧት ከእጇ አመለጠና ተሰበረ። ጣቶቿ አይታጠፉም፣ መዳፏ ተልጧል። ያቺ ሴት አስቴር አልነበረችም፤ ግን የአስቴርም እጅ እንደዚያው ነው። ዶክተር ያን ቀን ውኃ ሳይቀዱ ተመለሱ።

በማግስቱ ቢሮ ገብተው ሳይቀመጡ «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ? እኔ ጥሩውን ስፈልግ ስንት ዓመት ሥሩን ረግጬ አለፍኩ» አሉኝ። «ይህ መድኃኒት ሐይቁ ጋ ከመድረሱ በፊት በማን እጅ ነው የሚያልፈው? ማርታ፣ እህትሽ እዚያ አይደል የምትሠራው?» ነው አልኳቸው። እሷን እንዳገናኛቸው ጠየቁኝ።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ምዕራብ ዓባያ ይወርዱ ጀመር። ሠራተኞቹን ዛፍ ሥር ሰብስበው የሠራተኛ ሕጉን በጋሞኛ እያፍታቱ ያስረዷቸዋል። የሠራተኛ ማኅበር ተቋቋመ፤ አስቴር የሴቶቹ ተጠሪ ሆነች። ጥያቄያቸው ሰማይ የሚነካ አልነበረም። ጓንት፣ ቦቲ፣ የመታጠቢያ ውኃና ሳሙና፣ ነፍሰ ጡሮች ደግሞ ከበርሜል ርቀው ጥጥ በሚደረደርበት መጋዘን ውስጥ እንዲሠሩ። ይህን ሁሉ የምተይበው እኔ ስለሆንኩ ጠረጴዛዬ ከኮሌጁ ወረቀት ይልቅ በማኅበሩ ወረቀት ተሞላ።

«ዶክተር፣ የፕሮፌሰርነት ማመልከቻዎ ጊዜው እያለፈ ነው» አልኳቸው።

«ፕሮፌሰር ብባል አስቴር ጓንት ታገኛለች?»

«አታገኝም።»

«እንግዲያው የማኅበሩን አስቀድሚ።»

ፕሮፌሰር ሳይሆኑ ጡረታ ወጡ። አንድም ቀን ሲቆጩበት አልሰማሁም፤ የተቆጨሁት እኔ ነኝ፣ «የፕሮፌሰር ጸሐፊ» መባል አምሮኝ ነበር።

የእርሻው ሥራ አስኪያጅ አቶ ሰሎሞን ይባላሉ፤ ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ቁጡ ያልሆኑ፣ ለሁሉ ነገር «በሂደት ላይ ነው» የሚሉ ሰው ናቸው። ጓንቱም በሂደት ላይ ነበር። በዚህ መሃል አስቴር ዳግመኛ ፀነሰች። የነገረችኝ ቀን አልሳቀችም፤ «ማርታ፣ ይኼኛው እንዲቀርብኝ አልፈልግም» ነው ያለችኝ። ሥራውን ተዪው እንዳልላት ባሏ ሥራ የለው፣ ሌላ የሚቀጥራት የለ። የመርጨት ወራት ደግሞ እየደረሰ ነው። 

ወራቱ ሲደርስ ሠራተኞቹ በርሜል አንከፍትም ብለው ቆሙ። ትሉ ጥጡን መብላት ጀመረ። አቶ ሰሎሞን ሌላ ሠራተኛ ከሩቅ በመኪና አመጣለሁ አሉ። ይህ ሲሰማ ወጣቶቹ መንገድ ላይ ድንጋይ መከመር ያዙ። ዶክተር ፈሩ። «አንድ ድንጋይ ከተወረወረ ጓንቱም ተረሳ ማለት ነው» አሉኝና ኦቾሎ ወጥተው ሽማግሌዎቹን ለመኑ። ነገሩ በእኛ አገር ደንብ በዱቡሻ እንዲታይ ነው የፈለጉት። ዱቡሻ ማለት ሽማግሌ ባለበት፣ ሁሉም በተራው የሚናገርበት፣ ማንም የማንንም አፍ የማይዘጋበት የአደባባይ ሸንጎ ነው። ዶክተር ስለ ዱቡሻ ብዙ ጽፈዋል፤ አቶ ሰሎሞን እዚያ ፊት ቆመው «በሂደት ላይ ነው» ማለት ያቅታቸዋል ብለው አስበዋል።

ሸንጎው እርሻው አጠገብ ሲቀመጥ እኔም ሄጄ ነበር። አባቴም መጥቷል። አባቴ ወንጌላዊ ነው፤ ጎሜ የሚባለውን፣ ማለት ደንብ የጣሰ ሰው ላይ ይመጣል የሚባለውን መዓት፣ «ያለፈ ነገር» ብሎ ነው የሚያስተምረን። ሆኖም ከፊት ለፊት ተቀምጦ አየሁት።

የሽማግሌዎቹ አለቃ ጋሽ ኦይቻ ይባላሉ። መረቁና ተራ ሰጡ። አስቴር ተነስታ እጇን ዘርግታ አሳየች፤ ብዙም አልተናገረችም። አቶ ሰሎሞን በአስተርጓሚ «ጓንቱ ይመጣል» አሉ። «መቼ?» ተባሉ። «በቅርቡ።» ወጣቶቹ ጉርምርምታ ጀመሩ፣ አንዱ ተነሳ፣ ሌላው ተከተለው፣ ድንጋይ ያነሳም ነበር። ያኔ ሽማግሌዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሱ። እርጥብ ሳር በሁለት እጃቸው ይዘው ሄደው ተንበረከኩ። የተንበረከኩት ግን አቶ ሰሎሞን ፊት አልነበረም፤ ወጣቶቹ ፊት ነው።

ሽማግሌ ሳር ይዞ ከተንበረከከልህ አልፈኸው አትሄድም። ድንጋዩ ሁሉ ከእጅ ወደቀ። «ያለፈ ነገር» የሚለው አባቴም አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ነበር። ጋሽ ኦይቻ «ታርቃችኋል። ነገ ሥራችሁ ላይ ግቡ» አሉ፤ ሠራተኛውም እሺ አለ። አቶ ሰሎሞን የሁሉንም እጅ እየጨበጡ አመሰገኑ። ጓንት ግን አልነበረም።

እኔ ተናደድኩ። ዶክተርን መኪናው አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ነገ አስቴር በባዶ እጇ ልትገባ ነው» አልኳቸው።

«አውቃለሁ።»

«እርስዎ ነዎት ሽማግሌ ያስጠሩት።»

«ሳሩ የሚዞረው ወደ ተቆጣው ሰው ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ደንቡ እንዲያ ነው። ይህን እኔ ራሴ ጽፌዋለሁ። አንቺ ተይበሽዋል።»

«ታዲያ ለምን አላነበቡትም?»

ያን የመሰለ አዋቂ፣ ስለ ገዛ አገሩ ደንብ የሚጽፍ ሰው፣ ደንቡ ለማን እንደሚፈርድ ልቡ በፈለገው በኩል አስቦት ነበር። በኋላ፣ ከጡረታ ወዲህ በጻፉት መጽሐፍ መግቢያ ላይ ይህችን ስሕተታቸውን ሳያሳምሩ ጻፏት፤ እኔ እንዳወጣት ብለምናቸውም እንቢ አሉ።

በዚያው ከሰዓት በኋላ ኦቾሎ ወጣን። ጋሽ ኦይቻ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ዶክተር ቆመው በጋሞኛ ብዙ ተናገሩ፤ አስቴር ነፍሰ ጡር መሆኗን፣ ቀደም ሲል የደረሰባትን፣ ነገ ጠዋት የሚሆነውን። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው አዳመጡና እንደ ሞኝ አዩአቸው።

«አንተ ልጅ፣ ሥራችን አለቀ ያለህ ማን ነው?» አሉ። «ሳሩ እርጥብ እያለማ ማንም ያከብረዋል። የእኛ ሥራ የሚጀምረው ሳሩ ከደረቀ በኋላ ነው። አስታርቀናል፣ ስለዚህ ዋስ ነን። ዋስ ደግሞ ቤቱ አይቀመጥም።»

በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌዎቹ የእርሻው በር ላይ ነበሩ። ዶክተርም ከመሃላቸው ቆመዋል። አረም የሚያርመው፣ ቦይ የሚጠርገው እየተመረቀ ገባ። በጥባጮቹ ሴቶች ሲደርሱ ግን ጋሽ ኦይቻ የአስቴርን እጅ ያዙና አቶ ሰሎሞንን አስጠሩ። «ታርቀናል ብለሃል። የታረቀ ሰው ጎረቤቱን አያቆስልም። ይህ እጅ እኔ ዋስ የሆንኩበት እጅ ነው። ጓንቱ የታለ?» አሏቸው። አቶ ሰሎሞን እጇን ለማየት አልቻሉም። «በሂደት...» ብለው ጀመሩና ተዉት።

ሽማግሌዎቹ አልተቆጡም፣ አልጮኹም፣ ማንንም አላገዱም። በሩ ላይ ተቀመጡ፤ በጥባጮቹ ሴቶችም ከአጠገባቸው አልተነሱም። አቶ ሰሎሞን ለክብራቸው ወንበር አስወጡላቸው፤ መርቀው ተቀመጡበት። ሻይና ዳቦ ላኩላቸው፤ አመስግነው ጠጡ። ጠጥተው ሲያበቁ «ጓንቱ የታለ?» አሉ። ምሽት ላይ ወደ ቤታቸው ሄደው በማግስቱ ከነሳራቸው ተመለሱ። የእርሻው ዘበኞች የአገሩ ልጆች ናቸው፤ ሽማግሌ ከበር አስነሱ ቢባሉ ሥራቸውን ይለቃሉ እንጂ አያደርጉትም። ሹፌሮቹም ከመኪና ወርደው እጅ ሳይነሱ አያልፉም፤ አንድ ጭነት ለመግባት ግማሽ ቀን ይፈጅ ጀመር። አቶ ሰሎሞን ያቺን ሰሞን የከሱት ክሳት ዛሬም ይወራል። ሳምንቱ ሳያልቅ ከአዲስ አበባ መኪና መጣ፤ ጓንቱም፣ ቦቲውም፣ ሳሙናውም ነበረበት። አስቴርና ሌሎቹ ነፍሰ ጡሮች ጥጥ መጋዘኑ ውስጥ ተመደቡ። በርሜል የነካች ነፍሰ ጡር ከዚያ ቀን ጀምሮ የለችም።

አስቴር ጊዜዋን ጠብቃ ሴት ልጅ ወለደች። ጠያቂ ሆነን ስንሄድ ዶክተር አንድ ቅርጫት ማንጎ ተሸክመው መጡ። ልጅቷን ታቅፈው ለረጅም ጊዜ ጣቶቿን አንድ በአንድ ሲያዩ ቆዩ። ስለ ውኃ እንኳ አላወሩም። እኔ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያን ቀን የሚያህል ደስታ አላውቅም።

ከጡረታ በኋላ ሙሉ ለሙሉ ደራሲ ሆኑ። መጽሐፋቸው ኦቾሎ ላይ የዘነበ ዝናብ ዓባያ እስኪደርስ በማን ማሳ፣ በማን ደጅ፣ በማን እጅ እንደሚያልፍ የሚናገር ነው፤ እያንዳንዱን ገጽ ጮክ ብዬ አንብቤላቸዋለሁ። በየዓመቱ የመርጨት ወራት ሲደርስ ግን ብዕራቸውን አስቀምጠው እርሻው በር ላይ ይቆማሉ። ጋሽ ኦይቻ አረፉ፣ ሌሎቹም ሽማግሌዎች በየተራ ሄዱ፤ እሳቸው ብቻ ቀሩ። ከአቶ ሰሎሞን ጋር ወዳጅ ሆነዋል። አቶ ሰሎሞን ራሳቸው ወንበር አውጥተው ያስቀምጡላቸውና ስለ ልጆቻቸው ትምህርት ያማክሯቸዋል። የዋስነቱ ነገር ግን አይረሳም፤ ሠራተኞቹ ጓንታቸውን እየገለበጡ ያሳዩአቸዋል፣ ከዚያ በርሜል ይከፈታል።

ዘንድሮ ሕመሙ አልጋ ላይ ጣላቸው። ወራቱ ሲደርስ አቶ ሰሎሞን ደወሉልኝ። «ማርታ፣ ሠራተኞቹ ዶክተር ካልመጡ አንጀምርም ብለዋል። ምን ይሻላል?» ሄጄ ስነግራቸው ዶክተር ትራሳቸው ላይ ቀና ብለው «አንቺ ሂጂ» አሉኝ። እኔ ሽማግሌ አይደለሁ፣ እንዴት ብዬ ብል ማን ሰምቶኝ። ሄድኩ። ከመንገድ ዳር ሳር ነጭቼ፣ እያፈርኩ በሩ ላይ ቆምኩ። ሠራተኞቹ እጃቸውን እያነሱ አሳዩኝ፤ ሁሉም ጓንት አጥልቀዋል። አመስግኜ ተመለስኩና ለዶክተር አወራሁላቸው።

«ሁሉም አጥልቀዋል?»

«ሁሉም።»

«ገልብጠሽ አየሽው?»

«ምኑን?»

«ጓንቱን ነዋ። የሚቀደደው በጣትና በጣት መሃል ነው፤ ከላይ አይታይም።»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው ነገ ተመለሺ።»

ወይዘሮ ጽጌ «አንቱ ሰውዬ፣ ኧረ ይተዉአት፣ ምዕራብ ዓባያ እኮ ጓሮ አይደለም» አሉ። ዶክተር ግን ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ነገሩ አልቋል። እኔም ሌሊቱን እያጉረመረምኩ አድሬ ማለዳ የመጀመሪያው መኪና ላይ ወጣሁ።

ቀድሜ ነው የደረስኩት። ሠራተኞቹ ከበሩ በስተውስጥ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ መሃላቸው አስቴር አለች። እያንዳንዱ ጓንቱን ገልብጦ፣ አፉ ላይ ደግኖ ይነፋል፤ ከዚያ እንደ ጎሚስታ ባልዲ ውኃ ውስጥ ይነክረዋል። አረፋ ያወጣውን አስቴር ተቀብላ ወደ ጎን ትጥላለች፣ አዲስ ታድላለች። ቆሜ አየኋቸው።

«ማን አዘዛችሁ?» አልኩ።

«ማንም» አለች አስቴር። «ሁልጊዜ የምናደርገው ነው። ትናንትም አንቺ ስትመጪ ጨርሰን ነበር።»

«ታዲያ ዶክተር ሲመጡ የሚያዩት ምኑን ነው?»

«እሳቸው ሲመጡ ደስ እንዲላቸው እንደገና እንገለብጥላቸዋለን።»

«እንዲህ ከሆነ ለምን እሳቸው ካልመጡ አንጀምርም አላችሁ?»

አስቴር የያዘችውን ጓንት አስቀመጠችና «ናፍቀውን ነዋ» አለች።

ይህን ልንገራቸው ወይስ ልተወው እያልኩ ሴቻ እቤታቸው ደረስኩ። ለታመመ ሰው፣ ያን ያህል ዓመት ፀሐይ ላይ ለቆመ ሰው፣ ይነገራል? ግን እሳቸው ያየሁትን እንጂ ያማረውን እንድነግራቸው አላስተማሩኝም። ሁሉንም፣ ባልዲውንም፣ እንደገና መገልበጡንም ነገርኳቸው። ከዚያ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቁ ነው። ሳቁ ሳል ሆነባቸው፣ ሳሉ ሲያባራ እንደገና ሳቅ ሆነ።

«ጽጌ፣ ነይ ስሚ» አሉ ድምፃቸው ወጥቶ። «እኔ ለካ አላስፈልግም።» ወይዘሮ ጽጌ እጃቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ መጥተው «ማነው ያለው?» አሏቸው። ከዚያ ወዲያ ጎረቤት ሲመጣም፣ የሚጠይቃቸው ተማሪ ሲመጣም፣ ቄሱ ሊጸልዩላቸው ሲመጡም፣ እስከ ዕረፍታቸው ድረስ የሚያወሩት ይህንኑ ሆነ። ሰው አታስፈልግም ተብሎ እንዲያ ሲደሰት ዓይቼ አላውቅም።